ያየነውን እንጻፍ



በየዓመቱ በዚህች መጽሔታችን ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ መልካም ጠባይ ብዙ ጽሑፍ ይወጣል። ይህም የሚያስመሰግን ነው። እኔ ግን ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ የተነሣው ከአንዲት ትንሽ ቍጥር ነው። ቍጥሪቱም 93 ናት። ነገሩ የቤተ ሙከራ ነገር ስለ ሆነ፣ ሳይንስ ያልተማሩ ወላጆች «ይህ እኛን አይመለከተንም» ብለው ገጹን እንዳያልፉት አስቀድሜ እለምናለሁ። መነሻው የተማሪ ደብተር ቢሆንም መድረሻው በየቤታችን ጄሪካን ውስጥ ያለው ውሃ ነውና።

ባለፈው ዓመት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ በሙከራ እንድናይ ታዘዝን። ክፍላችን በአምስት ቡድን ተከፈለ። ለእያንዳንዱም ቡድን አንድ ቢከር፣ አንድ ቴርሞሜትርና በአልኮል የሚነድ አንድ ትንሽ መብራት ተሰጠው። የእኛ ቡድን ውሃ ቀስ በቀስ እየሞቀ 40፣ 60፣ 80 ዲግሪ ደረሰ። 93 ላይ ሲደርስ ግን ውሃው ይንተከተክ ጀመር፤ ቴርሞሜትሩም ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አልልም አለ። አምስት ደቂቃ ጠበቅን። እሳቱን አስጠጋን። ውሃው እየጎደለ ሄደ እንጂ ቍጥሩ አልጨመረም። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ መጽሐፉን ገለጠና «እዚህ ላይ 100 ይላል፤ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ይሆናልና 100 ብለህ ጻፍ» አለኝ። የቡድኑ ጸሐፊ እኔ ነበርሁና በገዛ እጄ 100 ብዬ ጻፍሁ። ይህም አልበቃኝም። ነገሩ እውነት እንዲመስል ብዬ በ80 እና በ100 መካከል 90፣ 95፣ 98 የሚሉ ቍጥሮችን ደረደርሁ። 95ንና 98ን ከእኛ ውስጥ ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

ወረቀቱ ሲመለስልን ከ10 10 አገኘን። የሌላ ቡድን ጸሐፊ የነበረች አንዲት ልጅ ግን 93 ብላ ጽፋ፣ ከሥሩም «ብዙ ጠበቅን፤ ከዚህ በላይ አልወጣም» የሚል ቃል ጨምራ ነበርና ቡድኗ 6 ተሰጠው። የቡድኗም ልጆች ማርክ አሳጣችን ብለው አኰረፏት። እርሷ ግን ወደ መምህራችን ቀርባ «መምህር፣ ያየሁት 93 ነው፤ ሌላ ምን ልጻፍ?» ብላ ጠየቀች።

መምህራችን ለጊዜው ምንም አልመለሱላትም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን በረዶ ይዘው መጡ። ቴርሞሜትሩን በሚቀልጠው በረዶ ውስጥ ቢያስቀምጡት በትክክል 0 ላይ ቆመ። ከዚያም ውሃ አፍልተው ቢለኩት 93 ሆነ። በሁለተኛ ቴርሞሜትርም ደገሙት፤ አሁንም 93 ሆነ። ያን ጊዜ በክፍሉ ሁሉ ፊት «የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ስታርም መጽሐፉን ብቻ ተመልክቻለሁ» ብለው የልጅቱን ቡድን ማርክ አስተካከሉ። እንዲህ ብለው ስሕተታቸውን በተማሪ ፊት የሚያምኑ መምህር በማግኘቴ ደስ ይለኛል። የእኛን ማርክ ግን ማንም አልነካውም። ያለ እውነት ያገኘነው 10 እስከ ዛሬ በመዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

አሁን 93 ከየት እንደ መጣ ላስረዳ። መጽሐፉ አልዋሸም። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው የአየር ግፊት 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በሆነበት ስፍራ፣ ይኸውም በባሕር ወለል አጠገብ ነው። አቃቂ ቃሊቲ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ አገር ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን ከራሳችን በላይ ያለው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ፣ በእኛ ሰፈር ግፊቱ ወደ 590 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። ውሃውን ከላይ የሚጫነው አየር ሲቀልለት ሳይቸገር ቶሎ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል ቢባል፣ 2,100 ሜትር ለ300 ሲካፈል 7 ይሆናል፤ 100 ሲቀነስ 7 ደግሞ 93 ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በደብረ ብርሃን ወደ 91 ይወርዳል፤ ከባሕር ወለል በታች በሚገኘው በዳሎል ዝቅተኛ ስፍራ ግን ከ100 ጥቂት ያልፋል። እናቶቻችንም ንፍሮ በደጋ ዘግይቶ፣ በቆላ ፈጥኖ እንደሚበስል ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል።

እንግዲህ 93 የአቃቂን ከፍታ የሚናገር ቍጥር ነበር። እኛ 100 ብለን በጻፍን ጊዜ አቃቂን ከተራራዋ አውርደን ከባሕር ጠረፍ አደረስናት። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ውሸታችን ጥያቄውን መግደሉ ነው። 93 ብሎ የጻፈ ሰው «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሲጠይቅም ስለ ግፊትና ስለ ከፍታ ይማራል። 100 ብሎ የጻፈ ግን የሚጠይቀው ነገር የለውም። እኛ 10 አግኝተን ምንም አልተማርንም፤ ልጅቱ 6 አግኝታ ክፍሉን ሁሉ አስተማረች።

«ዓይን ያያል፤ ልብ ይፈርዳል» ይባላል። የቤተ ሙከራ ሥራም እንዲሁ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የታየውን መጻፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው የተጻፈውን መተርጐም ነው። ልብ ከዓይን ቀድሞ የፈረደ እንደ ሆነ ዓይን ከንቱ ይሆናል። ዳሩ ግን «ያየነውን እንጻፍ» ስል፣ ቴርሞሜትር ወይም ሰዓት ያለውን ሁሉ እንደ ቃለ ወንጌል እንቀበል ማለቴ እንዳልሆነ በሌላ ምሳሌ ላስረዳ።

በዚህ ዓመት በአሥራ አንደኛ ክፍል በአንድ ሜትር ክር ላይ ትንሽ ድንጋይ አስረን እያወዛወዝን የመሬትን የስበት ፍጥነት ለካን። ድንጋዩ 20 ጊዜ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ ያለውን ጊዜ በሞባይል ሰዓት አምስት ጊዜ ቈጠርን። ያገኘነውም 40.1፣ 40.3፣ 40.2፣ 38.2 እና 40.3 ሰኮንድ ነበር። አራቱ እንደ ወንድማማች ተቀራርበው ሳሉ 38.2 ብቻዋን እንደ እንግዳ ቆመች። አምስቱን ደምረን ለአምስት ብናካፍል የስበቱ ፍጥነት 9.96 ይሆናል፤ 38.2ን ብንተዋት ግን 9.76 ይሆናል። ታዲያ ምን እናድርግ? አንዱ «እንደምስሳት» አለ። ሌላው «አይሆንም፤ ያየነውን ነው» አለ።

እኔ ባለፈው ዓመት የሆነውን አስታውሼ «አንደምስስ፤ እንመርምር» አልሁ። 38.2ን ለ20 ሳይሆን ለ19 ብናካፍላት 2.01 ሰኮንድ ትሆናለች። የቀሩትም አራቱ ለ20 ሲካፈሉ 2.01 ያህል ናቸው። ነገሩ ግልጽ ሆነ። ቈጣሪያችን ድንጋዩን ሲለቀው «ዜሮ» በማለት ፈንታ «አንድ» ብሎ ስለ ጀመረ 20 ያለው በእውነቱ 19 ነበር። ሆኖም በዚህ ብቻ ሳንረካ፣ ሆን ብለን «አንድ» ብለን ጀምረን ብንደግመው ያው 38 ሰኮንድ ያህል ወጣ። ከዚህ በኋላ 38.2ን በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዝናት፤ ቍጥሯ ግን እንዲነበብ ትተን በአጠገቧ ምክንያቱን ጻፍን። ያለ ምክንያት የተደመሰሰ ቍጥርና በምክንያት የተሰረዘ ቍጥር እንደ ሌሊትና እንደ ቀን ይለያያሉ።

ከዚህም ሌላ ትምህርት አገኘን። የሒሳብ ማሽኑ 9.7595 የሚል ረዥም ቍጥር አወጣልን። ይህን ሁሉ አሐዝ መጻፍ ግን ሌላ ዓይነት ውሸት ነው። ሰዓቱን የሚያስነሣውና የሚያቆመው እጃችን ስለ ሆነ አንድ ወይም ሁለት ዐሥረኛ ሰኮንድ መሳሳቱ አይቀርም፤ ይህም ውጤቱን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች 0.1 ያህል ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። በመጽሐፍ 9.8 ወይም 9.81 ተብሎ ይጻፋል። በእኛ አገር ከምድር ወገብ መቅረብና ከከፍታችን የተነሣ 9.78 ያህል ነው። ነገር ግን በክርና በሞባይል ሰዓት 9.78ን ከ9.81 ለይተን አይተናል ብንል የማናውቀውን እናውቃለን ማለታችን ይሆናል። ስለዚህ «9.8 ያህል ነው፤ 0.1 ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል» ብለን ጻፍን። እነሆ፣ በ93 እና በ100 መካከል ያለው ልዩነት መሣሪያችን በሚገባ የሚያየው ልዩነት ስለ ሆነ ምክንያት መፈለግ ያሻዋል። በ9.76 እና በ9.81 መካከል ያለው ግን መሣሪያችን የማያየው ስለ ሆነ ታሪክ ልንፈጥርለት አይገባም። መተርጐም ማለት ይህን ለይቶ ማወቅ ነው።

ትንሽ ልዩነትን ያልናቁ ሰዎች ምን እንዳገኙ ታሪክ ይመሰክራል። ሎርድ ሬሌይ የተባሉት እንግሊዛዊ ሊቅ የናይትሮጅንን ክብደት ሲለኩ፣ ከአየር የተገኘው አንድ ሊትር 1.2572 ግራም፣ ከአሞንያና ከሌሎች ውህዶች የተገኘው ግን 1.2505 ግራም ሆነባቸው። ልዩነቱ ከ200 አንድ እጅ ያህል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «የሚዛን ስሕተት ነው» ብሎ ባለፈው። እርሳቸው ግን ሚዛናቸው እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን ያውቁ ስለ ነበር ደጋግመው ለኩ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው እንዲነግራቸው በጋዜጣ ላይ ጻፉ። በ1894 ዓ.ም. ከዊልያም ራምሴ ጋር ሆነው በአየር ውስጥ እስከዚያ ጊዜ ማንም ያላወቀው አርጎን የተባለ ጋዝ መኖሩን ለዓለም አስታወቁ። በ1904 ዓ.ም. ሬሌይ በፊዚክስ፣ ራምሴ በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። አርጎን የተገኘው በዚያች በትንሿ ልዩነት ውስጥ ተደብቆ ነው።

ከባሕር ማዶ ብቻ ለምን እንጠቅሳለን? የእኛው አገር ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በአድዋ ስለ ብልሃርዝያ በሽታ ሲመረምሩ፣ ሰዎች ልብሳቸውን በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። ብልሃርዝያን ወደ ሰው የሚያሸጋግረው ትል በውሃ ውስጥ የሚያድገው በቀንድ አውጣ ሆድ ውስጥ ነው። ዶክተር አክሊሉ «ሞቷል» ብለው ብቻ አላለፉም፤ «እንዶድ ነው የገደለው» ብለውም በችኰላ አልፈረዱም። በሕይወት ያለውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ ፈተኑት፤ ቀጥሎም በቤተ ሙከራ የእንዶዱን መጠን እየለኩ መረመሩ። አብረዋቸው ከደከሙት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እንዶድን አያቶቻችን ሁሉ ያውቁት ነበር፤ የሞተ ቀንድ አውጣም በወንዙ ዳር ያለፈ ሁሉ ሊያየው ይችል ነበር። የጐደለው ያዩትን መዝግቦ፣ በሙከራ አጣርቶ፣ ትርጉሙን የሚፈልግ ሰው ነበር።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የከተማውን ፍሳሽ እየተሸከሙ በእኛ በኩል አልፈው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በዳርቻቸው አትክልት ይተከላል፤ ከብት ይጠጣል። ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃም ለአዲስ አበባ ሕዝብ ይሠራጫል። በቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ አለ። በነዚህ ስፍራዎች ሁሉ ውሃው ደኅና መሆን አለመሆኑ በዓይን አይታወቅም፤ የሚታወቀው በጠርሙስ ተቀድቶ፣ በመሣሪያ ተለክቶ፣ በወረቀት ላይ በሚጻፍ ቍጥር ነው። ለምሳሌ የዓለም የጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ናይትሬት በአንድ ሊትር ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ከዚህ ከበዛ በተለይ ሕፃናትን ይጐዳልና።

እንበልና ነገ ከእኛ መካከል አንዱ በዚህ ሥራ ተቀጥሮ መሣሪያው 62 ቢያሳየው ምን ይጽፋል? አለቃው የሚጠብቀው ከ50 በታች ነው። ከ50 በታች ቢጽፍ የሚጠይቀው የለም። ያ ሰው በአሥረኛ ክፍል 93ን አይቶ 100 ብሎ የጻፈና 10 የተሸለመ ከሆነ፣ ዛሬ 62ን አይቶ 45 ብሎ ለመጻፍ እጁ አይንቀጠቀጥም። ልምድ ሆኖበታልና። ሚዛኑን በጣቱ ተጭኖ የሚሸጥ ነጋዴ የሚሰርቀው ጥቂት ግራም ነው፤ ቍጥርን የሚለውጥ የቤተ ሙከራ ሰው ግን የሕፃን ጤና ሊሰርቅ ይችላል።

ይህን ሐሳቤን ለጓደኞቼ በነገርኋቸው ጊዜ ሁለት ተቃውሞ ገጠመኝ። አንደኛው «መሣሪያ ሳይሟላ፣ ተማሪው በዝቶ፣ ስለ ትክክለኛ ልኬታ ማውራት ምን ይጠቅማል?» የሚል ነው። መሣሪያ ማነሱ እውነት ነው፤ ሊሟላም ይገባል። ነገር ግን ክር፣ ድንጋይና ሰዓት በየቤቱ አለ። ደግሞም እውነትን ለመጻፍ ከእርሳስ በቀር መሣሪያ አያስፈልግም። መሣሪያው ደካማ ከሆነ «መሣሪያው ደካማ ነው» ብሎ መጻፍ ራሱ ትልቅ ዕውቀት ነው።

ሁለተኛው «ፈተና የሚጠይቀው 100 ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባን ማርክ እንጂ 93 አይደለም» የሚል ነው። ይህን በቀላሉ ልንቀው አልችልም፤ ወላጆቻችን የሚደክሙት እኛን ለዚያ ለማብቃት ነውና። ቢሆንም ሁለቱ አይጣሉም። ፈተናው በባሕር ወለል ግፊት ስንት ነው ቢለን 100 እንመልሳለን። የቤተ ሙከራው ደብተር ግን «አንተ ዛሬ በዚህ ክፍል ምን አየህ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። «ማን ይናገር የነበረ፤ ማን ያርዳ የቀበረ» እንደ ተባለ፣ በዚያ ሰዓት በዚያ ስፍራ የነበርነው እኛ እንጂ የመጽሐፉ ደራሲ አይደለም።

ስለዚህ በትሕትና የማቀርበው ልመና ይህ ነው።

ውድ የክፍል ጓደኞቼ፣ ቍጥሩን እንዳየን ወዲያው በደብተራችን እንጻፍ፤ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ በኋላ ማሳመር ለፈተና ይጥላል። ከአንድ ጊዜ በላይ እንለካ። እንግዳ ቍጥር ሲመጣ እንደ ጠላት አናባርረው፤ ከየት እንደ መጣ እንጠይቀው። ግራፍ ስንሥል ነጥቦቹ ባሉበት ይቀመጡ እንጂ ወደ መስመሩ አንጐትታቸው።

የተከበራችሁ መምህራን፣ ብዙ ደብተር ማረም ምን ያህል እንደሚያደክማችሁ እናውቃለን። ቢቻል ግን ከማርኩ አብዛኛው ለመጨረሻው መልስ ሳይሆን ለአመዘጋገቡና ለማብራሪያው ይሁን። 93 ብሎ ምክንያቱን የፈለገ ተማሪ፣ 100 ብሎ ዝም ካለው ቢበልጥ ያን ጊዜ ማንም ለመዋሸት ምክንያት አይኖረውም።

ውድ ወላጆቻችን፣ ማታ ወደ ቤት ስንገባ «ስንት አገኘህ?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ይህ መልካም ነው። ግን አንዳንድ ቀን «ዛሬ ምን አየህ?» ብላችሁም ጠይቁን።

በመጨረሻም ስለ ራሴ። የቡድኔ ጓደኞች ፈቅደውልኛልና ያን 10 አስመልክቶ ይህን በግልጽ ጽፌያለሁ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ የእኛም አንድ ዓመት አደረ። መምህራችን ይህን ካነበቡ በኋላ ማርኩን ሊቀንሱት ቢፈልጉ ቅር አይለንም። በደብተሬ ላይ ግን 100ን በአንድ ቀጭን መስመር ሰርዤ፣ በአጠገቧ 93 ብዬ ጽፌ፣ ምክንያቱንም አስፍሬአለሁ።